«ምን ሆኖ ነው?» — በአራዳ ሰፈር ቤተሰብ ለሕመም ስም ሲያወጣ



የዕድራችንን የቀብር መዝገብ የገለጠ ሰው የሟቹን ስም፥ የአባልነት ቁጥሩን፥ ያረፈበትን ቀን፥ ለቤተሰቡ የተከፈለውን ገንዘብና የተቀባዩን ፊርማ ያገኛል። በሽታው ምን እንደ ነበረ የሚጠይቅ ዓምድ ግን የለበትም። መዝገቡን ያሰመሩት አባቶቻችን ረስተውት አይመስለንም። ሰው በምንም ይሙት በምን ዕድሩ ድንኳኑን ይተክላል፥ ወንበሩን ያወጣል፥ ገንዘቡን ይከፍላል፤ ታዲያ የበሽታው ስም ምን ያደርግለታል? ለፋፊውም ሌሊት ጡሩምባውን ነፍቶ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል እንጂ በምን እንደ ሞተ አይናገርም።

ጥያቄው የሚነሣው ድንኳኑ ውስጥ ነው። ለቀስተኛው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ይልና «ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው?» ይላል። መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ማን እንዳዘጋጀው አይታወቅም፤ ግን ከደጅ እስከ ጓዳ ያለው ዘመድ ሁሉ አንድ ቃል ነው የሚናገረው። ወራት ሙሉ ያስታመመችው እኅት «ብርድ መቶት ነው» ካለች፥ ትናንት ከክፍለ ሀገር የገባው አጎትም «ብርድ ነው አሉኝ» ይላል። እኛም ዘንድሮ ልንከታተል የተነሣነው ይህችኑ ቃል ነው። በአራዳና በፒያሳ ዙሪያ የኖሩ ቤተሰቦች ሰው የሚከራከርበት ሕመም ቤታቸው ሲገባ ምን ብለው ጠሩት? ቃሉስ ማንን ጠቀመ፥ ማንን ጎዳ?

ከሁሉ የሚቀድመው የኅዳር በሽታ ነው። ዘመኑ ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ፥ ራስ ተፈሪ መኰንን በአልጋ ወራሽነት ያሉበት 1911 ዓ.ም. ነው። የአውሮፓ ታላቅ ጦርነት ያበቃው ኅዳር 2 ቀን ሲሆን፥ በዚያው ወር አዲስ አበባ የራሷን ሬሣ መቅበር አቅቷት ነበር። በሽታው ቀደም ብሎ ቀለል ብሎ ታይቶ አልፎ ነበርና ሰው ንቆት ነበር ይባላል፤ በኅዳር ግን በርትቶ ተመለሰ። ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጽኑ ታመው ተርፈዋል። በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸውም በአዲስ አበባ ብቻ ከ10 ሺህ ሰው በላይ ማለቁን ገልጸዋል። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ማብቂያ ገደማ ስለዚሁ በሽታ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል፤ በአብዛኛው የሚሰጠው ግምትም የከተማዋን ሟች ከ5 ሺህ እስከ 10 ሺህ ያደርሰዋል። ያን ጊዜ የነበረችውን ትንሽ አዲስ አበባ ላሰበ ሰው ቁጥሩ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ይገባዋል።

በሰፈራችን ከአያት የወረደው ወሬ ግን ቁጥር የለውም። በጊዮርጊስ ፊት የነበረው የአራዳ ገበያ ጭር ማለቱ፤ አንድ ቤተሰብ ከነልጆቹ ተኝቶ ውኃ የሚያቀብል መጥፋቱ፤ ቀባሪው ራሱ ታሞ ሬሣ በጅብ መበላቱ፤ ፍትሐት የሌለው ቀብር፤ ለቅሶ ሳይቀመጡ የቀሩ ሙታን። ከአረጋውያን የሰማን ሰዎች ልብ ያልነው ነገር አለ፤ አሟሟቱን ሲናገሩ ያልፉታል፥ ለቅሶው መቅረቱን ሲናገሩ ግን ድምፃቸው ይለወጣል። ለአበሻ የሞት ሞቱ አልቃሽ ማጣት ነውና።

ስለ ስሙ እንነጋገር ካልን፥ መጀመሪያ «የነፋስ በሽታ» ያሉት ነበሩ፤ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ ቤት ለቤት ይዞር ስለ ነበር ነው። አንዱ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው አለ፤ ሌላው ከቆሻሻና ከግም የሚነሣ ክፉ አየር ነው አለ። ኋላ ሁሉም ተወና በወሩ ስም ቀረ። ይህ የእኛ ብቻ ነገር አይደለም። ፈረንጆቹ «የእስፓኝ ጉንፋን» ያሉት ከእስፓኝ ስለ ተነሣ አልነበረም፤ እስፓኝ በጦርነቱ ስላልገባች ጋዜጦቿ ወሬውን ሳይደብቁ ይጽፉ ነበርና፥ ተዋጊዎቹ አገሮች የገዛ ሬሣቸውን ሸሽገው በሽታውን በእሷ ስም ጠሩት። ሐኪሞቹም ቢሆኑ በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው ብለው ሲከራከሩ ከረሙ። የሰውን ኢንፍሉዌንዛ የሚያመጣው ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ስለዚህ በ1911 ዓ.ም. የአራዳው ባላገርና የፓሪሱ ሐኪም ከድንቁርና አንፃር እምብዛም አይራራቁም ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

በኅዳር 12 ቀን ቆሻሻን አውጥቶ ማቃጠል፥ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፥ ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ አለ። ዛሬ ላይ ጢሱን የሚቃወም ብዙ ነው፤ ፕላስቲክና ጎማ እየተቃጠለ ሰፈሩ በሳል ሲታፈን ማየት በእርግጥ ደስ አይልም። ነገር ግን ሕፃን ሆነን ከየደጁ ቅጠል ስንሰበስብ አያቶቻችን የሚነግሩን የበሽታ ታሪክ ነበር፤ ጢሱ ባይኖር ኖሮ ይህን ታሪክ ስንቶቻችን እንሰማው ነበር?

የኅዳር በሽታ ሁሉም ቤት ገብቷልና ማንም አልሸሸገውም። ቤተ መንግሥትም ገባ፥ ጎጆም ገባ። «እናታችን በኅዳር በሽታ አረፈች» የሚል ሰው አንገቱን አይደፋም። ችግሩ ያለው አንዱን ቤት መርጦ በሚገባ በሽታ ላይ ነው። ሥጋ ደዌ፥ የሚጥል በሽታ፥ የአእምሮ ሕመም፥ የሳንባ ነቀርሳ፤ እነዚህ ሲገቡ ጎረቤት «ለምን እነሱ ቤት?» ብሎ ይጠይቃል። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ «ዘራቸው እንዴት ነው?» ተብሎ በጎን የሚጠየቀው ይኸው ነበር። ስለዚህ ቤተሰብ ልጆቹን ለመዳር ሲል ስም ያወጣል። የሚጥለው ልጅ «ልክፍት ነው፥ ወንዝ ዳር ወድቆ» ይባላል፤ ዝም ብላ የምትቀመጠው ልጃገረድ «ዓይነ ጥላ ነው» ትባላለች፤ ትኩሳት ሲሆን «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ተጨምቆ ይጠጣል። በእነዚህ ቃላት የሚስቁ የተማሩ ሰዎች አሉ። እኛ አንስቅም። «ልክፍት» ማለት ከውጭ የመጣ ነገር ነው ማለት ነው፤ ከዘራችን የለም፥ ልጁም አላጠፋም፥ እናቱም አላጠፋችም ማለት ነው። ቃሉ በሽታውን ባያድንም እናትየውን ከሐሜት ያድናታል። ልጁ ግን ሐኪም ቤት ሳይደርስ ዕድሜውን ሲወድቅ ሲነሣ ይኖራል፤ የቃሉ ዕዳ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሳንባ ነቀርሳን ታሪክ ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን፤ ኋላ ስለምንመለስበት። በወላጆቻችን ዘመን ነቀርሳ የሚነገር ስም አልነበረም። ሳል ይባላል፥ ብርድ ይባላል፥ የደረት ሕመም ይባላል። የሕመምተኛው ስኒና ማንኪያ በዝምታ ይለያል፤ ወደ እንጦጦ መውጫ ካለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ብርድ ልብስ ይዞ ሲገባ የታየ ሰው ግን ከእንግዲህ ምንም ቢባል የሚያምን የለም። መድኃኒቱ ከመጣ በኋላም ስሙ ቶሎ አልለቀቀም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ። ኤድስ በዓለም ሐኪሞች ዘንድ መጀመሪያ የተጻፈው በግንቦት ወር 1973 ዓ.ም. ነበር። ቫይረሱ በኢትዮጵያ መኖሩ ከተወሰደ ደም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984፥ የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች የተመዘገቡትም እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በሬድዮ ሲነገር የሩቅ አገር ወሬ መስሎን ነበር። አንዳንዱ «አመንምን» አለው፤ ሥጋን ስለሚያመነምን። ቀጥሎ የመጣው ወሬ ግን ሰፈራችንን የሚነካ ሆነ፤ የቡና ቤት ሴቶች፥ የሾፌርና የወታደር በሽታ ነው ተባለ። ውቤ በረሃና ዶሮ ማነቂያ ያሉበት፥ በየመታጠፊያው ቡና ቤት ያለበት ሰፈር ነዋሪዎች ነንና ነገሩ ለሌላ ሰው ተረት፥ ለእኛ ክስ ነበር።

ከዚህ በኋላ ስሙን መጥራት በሽታውን መናገር ብቻ መሆኑ ቀረ። «ኤድስ ነው» ያለ ሰው ሟቹ ምን ሲያደርግ እንደ ኖረ መናገሩ ነው፤ ሚስቲቱም ቀጥላ እንደምትሄድ መናገሩ ነው፤ ልጆቹንም «የእነ እገሌ ልጆች» አድርጎ መንገድ ላይ መጣሉ ነው። የኪራይ ቤት አከራይ ያስወጣል፤ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ገዢ ታጣለች። መድኃኒት በሌለበት ዘመን ስሙን በመናገር የሚገኝ ጥቅም ምን ነበር? ምንም። የሚጠፋው ግን ብዙ ነበር። ስለዚህ ቤተሰቡ ያደረገው ነገር አስተዋይነት የጎደለው አልነበረም። ያለውን መዝኖ ነው ዝም ያለው።

ቃሎቹ ብዙ ነበሩ። ብርድ። ሳንባ። ጉበት። ወፍ። ነርቭ። ጨጓራ። መተት ያሉም ነበሩ፤ በተለይ ሟቹ ነጋዴ ከሆነ ምቀኛ አይጠፋም። ሰውነትን በአንድ ወገን ብቻ በሽፍታ የሚያቃጥለው «አልማዝ ባለጭራ» ስሙ ያማረ በሽታ ነው፤ ሐኪሞች እንደሚሉት በልጅነት ከያዘ ኩፍኝ መሰል በሽታ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ የኖረ ቫይረስ ሰውነት ሲደክም የሚነሣ ነውና አዛውንትንም ይይዛል። በጎልማሳ ላይ ሲወጣ ግን ሰፈሩ ዓይኑን ይጠቅሳል። ከሁሉ የገነነው «ሳንባ» ነበር። ዘመን እንዴት ይገለበጣል! ወላጆቻችን «ብርድ ነው» እያሉ የሸሸጉት ነቀርሳ፥ በልጆቻቸው ጊዜ በአደባባይ የሚነገር የተከበረ ስም ሆነ፤ ከእሱ የከፋ መጥቷልና።

ደግሞም «ሳንባ ነው» ያለው ቤተሰብ አልዋሸም። ኤች አይ ቪ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል እንጂ ብዙ ጊዜ ራሱ አይገድልም፤ ደጁን ከፍቶ ሌላውን ያስገባል፥ ከሚገቡትም ዋናው ነቀርሳ ነው። የሐኪም ቤቱ ወረቀት ላይ «ቲቢ» ተብሎ ተጽፎ የተሰጠው ቤተሰብ ያንኑ ወረቀት ነው ያነበበው። ግማሹን እውነት ነው የተናገረው። ግማሹን ግን ደረቱ ውስጥ አስቀረው።

ይህ ግማሽ እውነት ምን ያህል እንደሚናገር የታወቀው በአንድ ያልተጠበቀ ቦታ ነው፤ በመቃብር ደጅ። ከተማችን በዚያን ጊዜ የሞት ምዝገባ ስላልነበራት፥ የአገራችንና የሆላንድ ተመራማሪዎች ከ1993 ዓ.ም. የካቲት ጀምሮ በአዲስ አበባ የመቃብር ቦታዎች፥ በቤተ ክርስቲያኑም በሙስሊሙም በማዘጋጃ ቤቱም፥ የሚቀበረውን ሰው ሁሉ ማስመዝገብ ጀመሩ። ጸሐፊው ለቀብር የመጣውን ዘመድ ወይም ወዳጅ የሟቹን ዕድሜ፥ ሰፈርና ምን ሆኖ እንደ ሞተ ይጠይቃል። የሚመጣው መልስ ያው የድንኳኑ መልስ ነው፤ ሳንባ፥ ብርድ፥ ቲቢ፥ አልማዝ ባለጭራ። «ኤድስ» የሚለው እጅግ ጥቂት ነው። ተመራማሪዎቹ ይህንን መልስ በሐኪም ቤት ከተገኘ ማስረጃ ጋር ቢያስተያዩት፥ ቤተሰቡ የሚለው ሽፋን ቃል የኤድስን ሞት በደንብ የሚያመለክት ሆኖ ተገኘ። በዚያ መንገድ ሲቆጠር በከተማዋ ከሚሞቱት ጎልማሶች ከግማሽ በላይ የሚሞቱት በኤድስ ነበር። ሽፋኑ ለካ ሸፍኖ አያውቅም። ተናጋሪው ያውቅ ነበር፤ ሰሚው ያውቅ ነበር፤ ጸሐፊውም ያውቅ ነበር። ሁሉም የተስማማው ቃሉን ላለመጥራት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሰፈራችንን ቤት እናንሣ፤ ስም አንጽፍም፥ የሚመለከተው ወጣትም አንብቦት ፈቅዷል። አባት በ1988 ዓ.ም. ሞቱ፤ «ጉበት» ተባለ። እናቲቱ ሁለት ዓመት ቆይተው ተከተሏቸው፤ «ሐዘን ገደላት» ተባለ፥ ያንን ማንም አልተጠራጠረም፤ የሚያሳዝን ነበርና። ሦስት ልጆች ለአያት ቀሩ። ትንሹ ልጅ ከእኩዮቹ አላድግ አለ፤ ያስለዋል፥ ጆሮው ይመግላል። አያት «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አጠጡ፤ ቀጥለው እንጦጦ ማርያም ጠበል ወሰዱት፤ ስንት ሱባኤ እንደ ያዙለት ቁጥሩን እሳቸው ያውቃሉ። ታላቅ እኅቱ በ1999 ዓ.ም. ለአያቷ ሳትነግር ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ ተመረመረ፥ ቫይረሱ ተገኘበት፥ መድኃኒት ጀመረ። አያት ሲሰሙ አልተቆጡም። «የሳንባ ኪኒን ነው» አሉ፥ ማታ ማታም ሰዓቱን ጠብቀው «ና የሳንባህን ኪኒን ውሰድ» እያሉ ይጠሩት ጀመር። እስከ ሞቱ ድረስ ሌላ ስም አልጠሩለትም፤ አንድ ቀንም ኪኒኑን ሳይውጥ አላሳደሩትም። ልጁ ዛሬ ባለትዳርና የዕድራችን አባል ነው።

አያቲቱ ጠበሉንም ኪኒኑንም የያዙት ያለ ክርክር አልነበረም። በዚያ ዘመን ከእንጦጦ ማርያም ሥር በየጎጆው ተከራይቶ የሚጠመቀው ሕመምተኛ እጅግ ብዙ ነበር፤ ከክፍለ ሀገርም ከውጭ አገርም ይመጣ ነበር። መድኃኒት የጀመረ ሰው ጠበል ሲገባ መድኃኒቱን እንዲተው የሚመክሩ ነበሩ፤ ሁለቱን መያዝ እምነት ማጉደል ነው የሚል ነገር ይነገር ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ ወንድም ከወንድሙ የተኳረፈበት ጉዳይ ነው። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርኩ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መጠቀም እንደሚገባ በአደባባይ ከተናገሩ በኋላ ብዙ ቤት እፎይ አለ፤ ያልተቀበለም አልጠፋም። እኛ በበኩላችን ጠበል የሄደውን ሁሉ አላዋቂ ማለት ፍርድ ማጓደል ይመስለናል። ዘመኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ በ1995 ዓ.ም. ገደማ ሲመጣ በክፍያ ነበር፤ በጡረታ ለሚኖር ቤተሰብ የማይታሰብ ገንዘብ ነው። በነፃ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለድኃ የተከፈተ ደጅ ቢኖር የጠበሉ ደጅ ነበር።

ነፃው መድኃኒት ከመጣ በኋላ ግን የዝምታው ሒሳብ ተለወጠ። አስቀድሞ ዝምታው የሚጠብቀው ክብርን ነበር፥ የሚያስቀረውም ነገር አልነበረም። አሁን ግን ባሏን «በጉበት» የቀበረች ሴት ሳትመረመር ስትቀር የምትሞተው መዳን እየቻለች ነው። እነዚያው የመቃብር መዝገቦች እንዳሳዩት መድኃኒቱ በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በከተማዋ የኤድስ ሞት ሊሆን ከሚችለው በግማሽ ገደማ ቀነሰ። እኛም መዝገብ ሳንመረምር አውቀነዋል፤ ለፋፊያችን በሳምንት ሁለት ሦስት ሌሊት የሚነሣበት ጊዜ አለፈ፥ የዕድሩም ሣጥን ትንሽ ትንፋሽ አገኘ።

ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ማኅበር አቋቁመው በገዛ ፊታቸውና ስማቸው መናገራቸው ከሁሉ የላቀ ድፍረት ነበር። «ማለባበስ ይቅር» የሚለውን ድምፃውያን በኅብረት ያዜሙትን መዝሙርም የማያስታውስ የለም። ማለባበስ ጥሩ ቃል ነው፤ እናት ልጇን ብርድ እንዳይመታው ስታለባብስም እንዲሁ ይባላልና፥ ቤተሰቡ ሲያደርግ የነበረው ሁለቱንም ነው።

በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን እያሻሻሉ የታመመውን ማስታመምና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መርዳት ጀመሩ። በእኛም ጉባኤ ክርክሩ ቀላል አልነበረም። «ዕድር መቅበሪያ ነው፤ ማስታመሚያ ሌላ ማኅበር ይቋቋም» ያሉ ነበሩ፤ ገንዘቡ ያልቃል ብለው ፈርተው ነው፥ ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም። አንዲት እናት ተነሥተው «ታዲያ ስሞት ልትሰጡኝ ያሰባችሁትን ሳልሞት ስጡኝ፥ ምናልባት እቆይ ይሆናል» ባሉ ጊዜ ሳቅ ሆነ፤ ድምፅ ተሰጠ፥ አለፈ። ለእርዳታ የሚያመለክት ሰው በሽታውን እንዲጽፍ ግን አልተጠየቀም፤ «በጽኑ የታመመ» ማለት ይበቃል ተባለ። ጸሐፊው እንዳጫወቱን በመጀመሪያው ዓመት ከመጡት ማመልከቻዎች አብዛኞቹ ላይ ሳይጠየቁ የተጻፈው ቃል «ሳንባ» ነበር።

በኮሮና ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር አየን። በአገራችን የመጀመሪያው ሰው መያዙ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። አረጋውያኑ ወዲያው የኅዳርን በሽታ አነሡ፤ ከመቶ ዓመት በላይ የተኛ ወሬ በአንድ ሳምንት ተነሣ። ለቀስተኛ እንዳይበዛ ተከለከለ፥ ድንኳን ቀረ፥ መተቃቀፍ ቀረ። በሽታው ወደ ሁሉም ቤት የሚገባ ዓይነት ሆኖ ሳለ እንደ ኅዳር በሽታ በግልጽ ሊጠራ ሲገባው፥ «ጉንፋን ነው፥ ስኳሩ ነው የጎዳው» ሲባል ሰማን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኮሮና የተባለ እንደሆነ ለቀስተኛ አይመጣም። ቤተሰቡ ሐሜቱን አይደለም የፈራው፥ ሬሣው ሳይለቀስለት መቅረቱን ነው። አያቶቻችን በ1911 ዓ.ም. ያቃጠላቸውም ያ ነበር።

ዛሬ በድንኳናችን የሚሸሸገው ካንሰር ነው። ይህኛው አዲስ ጠባይ አለው፤ ቤተሰቡ ከጎረቤት ብቻ ሳይሆን ከሕመምተኛው ከራሱም ይደብቀዋል። የበኩር ልጅ የሐኪሙን ወረቀት ተቀብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል፤ አባትየው «ምን አሉ?» ሲሉ «ትንሽ ቁስል ነው፥ በመድኃኒት ይድናል» ይባላሉ። አባትየውም ልጃቸው እንዳያዝን የገባቸውን አልገባኝም ይላሉ። ስንት ቤት እንዲህ ሆኖ አይተናል! አባት ሊናዘዙት የሚገባ ውርስ፥ ሊጠሩት የሚገባ የሩቅ ልጅ፥ ሊታረቁት የሚገባ ወንድም ሳለ ሁሉም ሌላውን ሲጠብቅ ጊዜው ያልፋል። የጡት ካንሰር እናት ላይ ከታየ ሴት ልጆቿ ቀደም ብለው መመርመር እንዳለባቸው ሐኪሞች ይናገራሉ፤ ልጆቿ ግን «እጢ ነበር» ብቻ ነው የተባሉት።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ለጉባኤው የቀረበ አንድ አሳብ ስላለ ነው። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ አባል በቀብር መዝገባችን ላይ «የሞት ምክንያት» የሚል ዓምድ እንዲጨመር አሳስበው ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ቤቶች ሲነሡ አባሎቻችን በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል፤ የሰፈሩ ወሬ ከእንግዲህ በአፍ የሚወርድ አይደለምና ልጆቻችን የቤተሰባቸውን ሕመም የሚያውቁት ከጽሑፍ ብቻ ነው የሚል ነበር ክርክራቸው። የተቃወሙት ደግሞ ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ሞትን የሚመዘግብ መንግሥት አለ፥ ዕድር የሐኪም ሥራ አይሥራ፥ ዓምዱ ቢሰመርም የሚጻፍበት «ብርድ» ነው አሉ። በመካከል የቀረበ ሦስተኛ አሳብም አለ፤ በመዝገቡ ምንም ሳይጻፍ፥ የዕድሩ የሴቶች ክፍል ከሣልስት በኋላ ቤተሰቡን ለብቻው አግኝቶ ልጆቹ የሚመረመሩት ነገር እንዳለ ይጠይቅ የሚል። እኛ ወደዚህኛው እናዘነብላለን፤ ቃሉ እዚያ ቢነገር የሚሰማው የሚጠቅመው ሰው ብቻ ነውና። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላልፏል፤ አሳብ ያላቸው አባላት በጽሑፍም በቃልም ለጸሐፊው ቢያቀርቡ ይነበብላቸዋል።